ለካፒታኖው የተሰጠው ዓይን

ሰይድ ጨው ነጋዴ ነው። ከአሊዩ አምባ በመጣ ቁጥር ግመሎቹን ሸዋ ሮቢት እኔ ቤት ፊት ካለው ሾላ ሥር ያሳርፋል። እኔ ውሃ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ወሬ ይሰጠኛል። ያን ቀን ግን ውሃውን ጠጥቶ ጣሳውን አልመለሰልኝም፤ እንደያዘው ቆመ።

«እትዬ አስካለ፣ ያ ሥዕል የሚሥሉት ሽማግሌ፣ የእናንተው አለቃ…»

«አለቃ ክንፉ?»

«አላህ ይማራቸው። ጁምዓ ለት ተቀበሩ። የቀበሯቸው የእናንተ ሰዎች ናቸው፤ እኛም ወጥተን ሸኘናቸው።»

«ምን አገኛቸው?»

«ወባ ነዋ። በኛ አገር ሌላ ምን አለ ብለው ነው? የሰፈራችን ልጆች ናቸው ያሳዘኑኝ። ግመል ይሥሉላቸው ነበር። የሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ ግመል ነው። ሲቀበሩ ልጁ ሁሉ አለቀሰ።»

ልጆቹ ካለቀሱ ጥሩ ነው አልኩ በሆዴ። እኔ አላለቀስኩም። ጣሊያን ባሌን ሲገድለው ያለኝን አልቅሼ ጨርሻለሁ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ደርቄ ነው የቀረሁት። ጣሳዬን ተቀበልኩት። ያሰጣሁት ማሽላ ነበረኝ፣ ሄጄ አገላበጥኩት። ከዚያ ወንድሜን ደምሴን ከእርሻው እንዲጠሩልኝ ሰው ላክሁ። እሱ እስኪመጣ ድረስ ስለ እሳቸው የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ሌላ የሚነግራችሁ ሰው የለም።

አለቃ ክንፉ ከአንኮበር በኩል የወረዱ የቤተክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ጣሊያን ሊገባ ሲል ቀወት ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ደብር ግድግዳዋን እንዲሥሉላት አስመጣቻቸው። ሥዕሉን በከሰል ነድፈው ጨርሰው፣ ቀለሙን ገና ሳይጀምሩት ጦርነቱ መጣ። ቀለም የሚያመጣላቸው ነጋዴ ጠፋ፣ ካህናቱ ተበተኑ፣ ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ መንገዱ ሁሉ ወታደር ሆነ። እኔ ያኔ ለመንገድ ሠራተኛውና ለካሚዮን ሾፌሩ ጠላና ምሳ እሸጥ ነበር። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጠኋቸው። «እስኪረጋጋ ድረስ ነው» አሉኝ። ማን ያረጋጋው!

ረዥም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ቀድሟቸው የሚሄድ ሰው ነበሩ። ሙቀት ፈጽሞ አይችሉም። ነጠላቸውን ውሃ ነክረው አናታቸው ላይ ጥለው ነው የሚውሉት። «ይቺ ሮቢት የምትባል አገር ሰው ለመቀቀል የተሠራች ናት!» ይሉ ነበር። ደግሞ ስለ ግድግዳቸው ሳያወሩ ቀን አይመሽም። «ግድግዳዬን ዝናብ ገባበት ይሆን? ግድግዳዬን ሳልጨርስ እንዳልሞት፣ አስካለ፣ ጸልዪልኝ።» እኔም እሺ እላለሁ። ሌላ ሰው ስለ ልጁ እንደሚያወራ ነው ስለዚያ ግድግዳ የሚያወሩት።

የሥዕሉን ሕግ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያየው ኖሮ ልብ አላልኩትም ነበር። ጥሩ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ክፉ ሰው ግን በጎኑ ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ይሁዳ አንድ ዓይን ነው። ሰማዕታቱን የሚያስገርፈው ንጉሥ አንድ ዓይን ነው። ጋኔን አንድ ዓይን ነው። ስለዚህ አለቃ ማንንም ከመሣላቸው በፊት «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ዓይኑን ደግሞ መጨረሻ ነው የሚሠሩት። እስከዚያ እያወሩ፣ እየተሳደቡ፣ እየዘመሩ ይሠሩና ዓይኑ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ብታርፍ አያባርሯትም።

ሥራ ፈትተው መቀመጥ አልሆነላቸውም። ከምድጃዬ ከሰል እየለቀሙ የክፍሏን ግድግዳ ለሰፈሩ ልጆች ይሥሉበት ጀመር። አህያ፣ ጦጣ፣ ፍየል። ልጆቹ ከሩቅ ሁሉ ይመጡ ነበር።

«አለቃ፣ አህያው ለምን ሁለት ዓይን ኖረው?» አለች አንዷ።

«አህያ ምን በደለ?»

«ጅቡስ?»

«አንድ ነው። ትናንት የማንን ጥጃ እንደበላ ረሳሽው?»

«ድመትስ?»

አለቃ አሰቡበት። «ድመት እንደ ቀኗ ነው» አሉ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ በዚያ ዘመን ሳቅሁባቸው የምላቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው።

ጣሊያኖቹ ከምሽጋቸው አጠገብ ለመንገድ ሠራተኛው ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። አስተማሪው ፊቱ ፀሐይ የላጠው ወጣት ጣሊያን ነው፤ ማስትሮ እንለዋለን። ልጆቹ የሳሉት ጦጣና ጅብ ከየት መጣ ብሎ ተከትሏቸው እኔ ጓሮ ድረስ ደረሰ። ግድግዳውን አየ፣ አየ፣ አየ። በማግሥቱ ተድላ የሚባለውን አስተርጓሚ ይዞ ተመለሰ። ተድላ የደብረ ሲና ልጅ ነው፣ የዲቁና ትምህርቱን ጥሎ ነው ለጣሊያን የገባው።

«የልጆች መጽሐፍ በሥዕል ይሥሩልን ይልዎታል» አለ ተድላ። «ታሪኩ አንድ ልጅ ፍየል ይጠፋበታል። ሊፈልጋት ይሄዳል። ጀውሃ ይደርሳል፣ ማጀቴ ይደርሳል፣ አሊዩ አምባ ገበያ ይገባል። መጨረሻ ላይ የምሽጉ አዛዥ፣ ካፒታኖው፣ ፍየሏን አግኝቶ ይሰጠዋል። አሥመራ ይታተማል።»

ማስትሮው የያዘውን ወረቀት ዘረጋላቸው፣ ወፍራም፣ እንደ ጥጥ ነጭ። የቀለም ሣጥንም ከፈተላቸው። እኔ ፊታቸውን አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ቀለም ካዩ ስንት ጊዜያቸው ነው! እጃቸው ሳያዙት ወደ ሣጥኑ ሄደ።

«ለልጆች ነው አይደል?» አሉ።

«ለልጆች ነው።»

«እንግዲያስ ይሁን።»

ሰፈሩ አልወደደውም። «አለቃ ለነጭ አደሩ» ተባለ። እሳቸው ሥራ ላይ ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ ሠሩ። ፍየሏን እኔ ጓሮ የታሰረችውን ነው የሣሏት፣ ያቺው ቀንዷ የተሰበረው። የገበያው ሰው ሁሉ የምናውቀው ሰው ነው። ሰይድም ከነግመሎቹ አለበት፤ ሁለት ዓይን አለው፣ ግመሎቹም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ሸማኔው፣ ቅቤ ሻጯ፣ ማሽላ ላይ ያንቀላፋው ሽማግሌ። እኔም አለሁበት፣ እንስራ ተሸክሜ፤ ከራሴ ይልቅ ቆንጆ አድርገው ሠሩኝ። «ይቺ ማናት?» ስላቸው «አንቺን ባላውቅሽ ኖሮ አንቺ ነሽ እልሽ ነበር» ብለው አሾፉብኝ።

የቀረው የመጨረሻው ገጽ ነው። ካፒታኖው ራሱ መጣ። ጓሮዬ ውስጥ ወንበር አወጡለት። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ባሌን ይዘውት የሄዱት የእሱ ወታደሮች ናቸው። እኔ ቆሜ ውሃ እየቀዳሁ ነው። እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

አለቃ እንደ ልማዳቸው ወደ ተድላ ዞረው «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ።

ካፒታኖው ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ተድላ ትንሽ አመነታና አንድ ነገር ነገረው። በኋላ ስጠይቀው «ብርሃኑ ጥሩ ነው አሉ አልኩት» አለኝ።

አለቃ ወደ እኔ አዩ። መቅዳቴን ቀጠልኩ። ባሌን የሚያውቁት በወሬ ነው፤ ግን ያውቁታል።

ያኔ ካፒታኖው እጁን ኪሱ ከትቶ ሳንቲም አወጣ። የንጉሣቸው ፊት አለበት፣ ንጉሡ በጎኑ ነው፣ አንድ ዓይን ነው የሚታየው። ሳንቲሙን ለአለቃ ሰጣቸውና ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ዞሮ አገጩን ቀና አደረገ።

«እንዲህ አድርገው ይሥሉኝ ይልዎታል» አለ ተድላ። «እንደ ንጉሡ።»

ተድላ ያውቃል። እኔ አውቃለሁ። ካፒታኖው ብቻ ነው የማያውቀው። አለቃ ሳንቲሙን አገላብጠው አዩት፣ ለተድላ መለሱለት፣ ብሩሻቸውን አነሱ። «እንዳለው» አሉ። ያን ቀን አላወሩም፣ አልዘመሩም። አንዲቱ ዓይን ላይ ሲደርሱ ግን ትንፋሻቸውን አልያዙም። እኔ እያየኋቸው ነበር። እንደ ሰው እየተነፈሱ ነው የጨረሱት።

ካፒታኖውና ተድላ ሲሄዱ «አለቃ፣ ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አደረግሁ? የጠየቀውን ነው የሰጠሁት» አሉና ነጠላቸውን ውሃ ነከሩ።

መጽሐፉ ከአሥመራ በካሚዮን መጣ። አቤት ማማሩ! ማስትሮው ለልጆቹ ሁሉ አደላቸው፣ ልጆቹ ወደየቤታቸው ወሰዱት። እናቶች አዩት፣ ካህናት አዩት፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ከፊደሉ ይልቅ ሥዕሉን አነበበ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ እርስ በርስ ይተያያል። እስከዚያ ለአለቃ ፊት የነሳው ሰፈር በአንዴ አስታወሳቸው። አንዷ ቅቤ፣ ሌላዋ ሙዝ ይዛ ትመጣለች። «እግዜር ይስጥዎ» ይሉና ይሄዳሉ፣ ለምን እንደሆነ አይናገሩም።

የልጆቹ ነገር ነው የከፋው። በቤተክርስቲያን ሥዕል ላይ የጋኔን ዓይን ተፍቆ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ሰው በጥፍሩ ይፍቀዋል፣ እንዳያየው። ልጆቹም ያንኑ አደረጉ። በእሾህ የካፒታኖውን ዓይን ወጉት። ማንም አላዘዛቸውም። ማስትሮው አንዱን መጽሐፍ ቢገልጥ ቀዳዳ፣ ሌላውን ቢገልጥ እዚያው ላይ ቀዳዳ።

«ምንድነው?» ብሎ ተድላን ጠየቀው።

«ምስጥ ነው» አለ ተድላ። «የዚህ አገር ምስጥ ወረቀት ይወዳል።»

ማስትሮው ሞኝ አልነበረም። ለካፒታኖው አልተናገረም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ካፒታኖው ግን ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጣና አንዱን ልጅ መጽሐፍህን አሳየኝ አለው። ከዚያ የሌላውን አስመጣ። ከዚያ የሁሉንም። ተድላን ሲይዘው ተድላ የአንድ ዓይኑን ትርጉም ተናገረ። አልፈርድበትም፤ ልጆች አሉት።

አለቃን ከእኔ ጓሮ ወሰዷቸው። ነጠላቸው እርጥብ እንደነበረ አናታቸው ላይ ነበር።

ወንድሜ ደምሴ በዚያው ሰሞን ነው የታሰረው። ላይ ተራራው ላሉት አርበኞች እህል ጭኖ ሲሄድ ጀውሃ ላይ ያዙት። እናታችን ስትሞት ገና መሄድ አልጀመረም፣ በጀርባዬ ነው ያደገው። ከዚያ ምሽግ ገብቶ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ባሌም አልወጣም። በየቀኑ ምሳ ይዤ እሄዳለሁ፣ ወታደሩ ይቀበለኛል፣ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። አንድ ቀን ተድላ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ስሚኝ። አለቃን ካፒታኖው እንደገና ሣለኝ ብሏቸዋል። በትልቅ ጣውላ ላይ፣ በሁለት ዓይን፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሰቀል። አልሥልም አሉት። ገረፏቸው፤ አልሥልም አሉ። አሁን ደምሴን እሳቸው ያሉበት አስገብቶታል። ከሣሉ ሁለቱም ይወጣሉ፣ ካልሣሉ ሁለቱም አይወጡም ብሏል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«አናግሪያቸው። እኔ አስገባሻለሁ።»

የምሽጉ ሽቦ አጥር ጋ አመጧቸው። ፊታቸው አብጧል፣ ግን እጃቸውን አልነኩባቸውም፤ እጁ ይፈለጋል። እንዴት ነዎት እንኳ ሳልላቸው ተናገርኩ።

«አለቃ፣ ወንድሜን ይስጡኝ።»

«የምትዪው ገብቶሻል?» አሉኝ። «ለዚያ ሰው ዓይን ከሰጠሁት ግድግዳዬን አያስጨርሱኝም። በየትኛውም ደብር ግድግዳ አያስነኩኝም። እኔም እነሱን ብሆን አላስነካም።»

«ገብቶኛል።»

«ባልሽን የገደለው ነው።»

«አውቃለሁ አለቃ። ወንድሜን ይስጡኝ።»

ሌላ የምለው አልነበረኝም። ለማልቀስ ሞከርኩ፣ እንባ ቢያዩ ይሻል ይሆናል ብዬ። አልመጣልኝም። እሳቸው ሽቦውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ደምሴ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉኝ።

ያቺን ጥያቄ አወቅኋት። ሊሥሉ ሲሉ ነው የሚጠይቋት። መዋሸት አልቻልኩም፤ በእሳቸው ፊት ማን ይዋሻል?

«ሰነፍ ነው» አልኩ። «ይዋሻል። የጠላዬን ጌሾ ሰርቆ ሸጦብኛል። ያዘልኩት እኔ ነኝ።»

«ይበቃል» አሉ።

ጣውላውን ምሽጉ ግቢ ውስጥ ነው የሠሩት። ደምሴ ቀለም እያቀበላቸው አጠገባቸው ነበር፣ እሱ ነው የነገረኝ። ካፒታኖውን ፊት ለፊት አደረጉት። ዩኒፎርሙን፣ ቁልፎቹን፣ ፂሙን ሁሉ አሳምረው ሠሩ። ዓይኖቹ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ያዙ። «ያመማቸው መስሎኝ ነበር» አለኝ ደምሴ፣ «እኔ እንኳ ተጨነቅሁ፣ አለቃ ይተንፍሱ አልኳቸው።» ሲጨርሱ የካፒታኖው ዓይኖች እንደ መላእክት ዓይን ትልልቅ፣ ጥቁር፣ ጥርት ያሉ ሆኑ። አስቀይመው መሥራት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ካፒታኖው ደስ አለው። ቃሉንም አላጠፈም፣ ሁለቱንም ለቀቃቸው።

ጣውላው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ። ገበያ የሚሄደው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ቅቤ ያመጣችው ሴትዮ መንገድ ላይ አለቃን ስታይ ወደ ማዶ ተሻገረች። አለቃ መስቀል ሊሳለሙ አንድ ቄስ ቢጠጉ ቄሱ መስቀሉን ወደ ካባው ውስጥ ከተተው። ልጆቹ መምጣት ተዉ። እኔ ለሰዉ ሁሉ ተናገርኩ። ጠላ ለሚጠጣው፣ ገበያ ላይ ላገኘሁት፣ «ወንድሜን ሊያወጡልኝ ነው» አልኩ። ይሰሙኛል። «አይ እትዬ አስካለ፣ ምን ታደርጊ፣ አንቺስ እህት ነሽ» ይሉኛል። እኔን ማሩኝ፣ እሳቸውን ግን አልማሯቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ የሚያንገበግበኝ ነገር እንዳለ የማውቀው በዚህ ነው።

ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ ሁለት ልጆች ተመልሰው መጡ። ልጅ ቂም አይችልም። አለቃ ከሰል አንስተው በሩ አጠገብ፣ በዚያው የክፍላቸው ግድግዳ ላይ ሰው ሣሉላቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ አንገቱ የቀደመው፣ አናቱ ላይ ነጠላ ያለው። ልጆቹ ወዲያው አወቁት። ግን በጎኑ ነው።

«አለቃ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት! ለምን አንድ ዓይን ኖረዎት?» አለች ያቺው ስለ ድመት የጠየቀችው።

«ሁለተኛውን ለካፒታኖው ሰጠሁት» አሉ።

አልሳቁም። ልጆቹም አልሳቁም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ወጥ ተክኖብኝ ሄድኩ።

ጣሊያን ወጣ። ጣውላውን ሰው ገንጥሎ አቃጠለው፤ ይቃጠል። ደብሯም ካህናቷን ሰበሰበች። አለቃ ነጠላቸውን አጥበው፣ ብሩሾቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቀወት ሄዱ። እኔና ደምሴም አብረን ሄድን፤ የደብሯ ሽማግሎች ምን እንደሚሉ አውቄያለሁ። ሽማግሎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ያ ግድግዳ በሩ ክፍት ስለሆነ ከዚያው ይታያል፤ ቅዱሳኑ በከሰል እንደተነደፉ አሉ፣ ፊታቸው ሁሉ ባዶ ነው። ዓይናቸው አልተሠራም። አለቃ ሽማግሎቹን ሳይሆን ግድግዳውን ነበር የሚያዩት።

«አለቃ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «እኛ ክፉ አንልዎትም። ግን ለዚያ ሰው ዓይን የሠራ እጅ ለእመቤታችን ዓይን ይሥራ ብንል ሕዝቡ አይቀበለንም።»

ደምሴ ብድግ አለ። ሰነፉ፣ ዋሾው ወንድሜ አለቀሰ። «እኔን ሊያወጡ ነው! እኔ ነኝ! የሠሩት ለእኔ ነው!»

«መውጣትህ ደስ ብሎናል ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ከልባቸው ነው ያሉት። «እጁ ግን ያው እጅ ነው።»

እኔም ተናገርኩ፣ ጮህኩም። አለቃ ራሳቸው እጄን ያዙኝ። «ተይ አስካለ። ልክ ናቸው። እኔም አላስነካም ብዬሽ አልነበር?»

ግድግዳውን ከሌላ አገር የመጣ ሠዓሊ ጨረሰው። ጥሩ ነው ይላሉ፤ እኔ ገብቼ አላየሁትም። አለቃ በሳምንቱ ከሰይድ ጋር ወደ አሊዩ አምባ ወረዱ። «እዚያ ደግሞ ከሮቢት ይብሳል ሙቀቱ» አልኳቸው። «የባሰም አለ?» አሉኝ። ሰይድ ግመሉን አስነሳ፣ እሳቸው ጎን ለጎን እየሄዱ አንገታቸውን አስቀድመው ሄዱ። ከዚያ አላየኋቸውም።

ደምሴ ከእርሻ መጣ። ሰይድ የነገረኝን ነገርኩት። እጁ ላይ ጭቃ እንዳለ ቆመና ቆመና ወደ ምድጃው ሄደ። ከሰል አንሥቶ ወደ ጓሮው ክፍል ገባ። ተከተልኩት። ቤቱን ስንት ጊዜ ሳስለስነው ያን ግድግዳ አላስነካሁም፤ አህያው አለ፣ ጅቡ አለ፣ እንደ ቀኗ የሆነችው ድመት አለች። በሩ አጠገብ ደግሞ አለቃ አሉ፣ በጎናቸው፣ በአንድ ዓይናቸው በሩን ያያሉ።

ደምሴ ፊታቸው ቆሞ ከሰሉን አነሣና መልሶ አወረደው። ሥዕል ሞክሮ አያውቅም።

«እታለም» አለኝ ሳይዞር። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

አፌን ከፈትኩ። ስንት ነገር ማለት ነበረብኝ። ስለ ግድግዳቸው፣ ስለ ሽቦው፣ ስለዚያ ይበቃል ስላሉኝ ቀን። አንዱም አልወጣልኝም።

«ሙቀት አይችሉም ነበር» አልኩ።

«ይበቃል» አለ ደምሴ።

ትንፋሹን ያዘ። ሁለተኛዋን ዓይን ሣላት፣ አፍንጫቸው ማዶ፣ ፊት በሌለበት ቦታ ላይ። ጠማማ ናት፣ ከመጀመሪያዋም ትልቅ ሆነች። ዝንብ መጥታ ግንባሩ ላይ አረፈች፤ እኔ ሄጄ አባረርኩለት። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ኋላ ራቅ ብለን ቆምን፣ አለቃም በሁለት ዓይናቸው አዩን።